ክብ ሆነው የቀሩት

«አንድ ዓይንህን አትጨፍን፤ በሁለቱም እይ» ትለዋለች የላቦራቶሪ ባለሙያዋ።

ሾፌሩ ማይክሮስኮፑ ላይ ያጎነብሳል። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነው፤ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለባቸው ድቡልቡል ነገሮች ይወጡለታል።

«የኔ ናቸው?»

«ያንተ ናቸው። ባለፈው ከወሰድነው ናሙና።»

ውጤቱን በወረቀት አልቀበልም፣ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብሎ ድርቅ ስላለባት ነው ያስገባችው።

«የሴሉ አስኳል ዙሪያውን ግድግዳ አለው» ትለዋለች። «ግድግዳው ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን በሮች አሉ፤ አረንጓዴዎቹ እነሱ ናቸው። የወንድ ዘር ሲያድግ በሮቹ ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባሉ፤ አስኳሉ ይታመቃል፣ ራሱ ይሾላል፣ ጅራት ያወጣል። አንተ ጋ ከፕሮቲኖቹ አንዱ የለም። በሮቹ እንደተበተኑ፣ ሴሎቹም ክብ እንደሆኑ ቀሩ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድክ ጀምሮ።»

ቀና አይልም። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖሯል። እናቱ ቤታቸው በመጣች ቁጥር «ማሕፀኗ ነው እንጂ ልጄማ ምን ጎደለው» ስትል፣ እሱ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርግ ነበር። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ሁለት ዓመት አለፋት።

«አይዞህ ወንድሜ፤ ይሄ ያንተ ጥፋት አይደለም።»

«ይሄኛውስ አይደለም» ይላል።

ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ለሚስቱ ይደውላል። ሦስቴ ጠርቶ ይነሳል።

«ደህና ነህ?»

«ተመረመርኩ። ችግሩ ከኔ ነው።»

ከወዲያ ሲንጣጣ የነበረው የልብስ ስፌት መኪና ይቆማል።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«በአራተኛው ዓመታችን ተመርምሬ ነበር። ምንም የለብሽም አሉኝ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አንድ ቀን ‹እማ፣ ተያት› ትላለህ ብዬ ጠበቅኩ። ያን ቀን ልነግርህ።»

ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እሺ። ራስህን ጠብቅ።» መኪናው እንደገና መንጣጣት ሲጀምር ይሰማዋል፤ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

ኮሪደሩ ላይ በተደረደሩት ወንበሮች መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው። አንድ ወጣት ሚስቱን አስከትሎ ይመጣና ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር ይነካል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሰው አለው?»

ሾፌሩ ወንበሩን ዞር ብሎ ያየዋል።

«የለውም» ይላል። ሁለቱ አብረው እንዲቀመጡም ብድግ ብሎ የራሱን ይለቅላቸዋል።