የአባቦራ ራስ ላይ የበቀለው ፀጉር

«አባቦራ፣ ሰርቀው ተቀብተውታል!»

ተመራማሪዋ ሩቲ የላብራቶሪውን በር ይዛ ጮኸች... ጩኸቷ አጋሮ ከተማ ደርሶ ተመለሰ።

የዘበኛው የአባቦራ ኮፍያ በነፋስ ወልቋል።

ያ ፀሐይ ፊቷን የምታይበት መላጣ... ጥቁር ፀጉር አብቅሏል!

ሩቲ ደግሞ ሦስት ዓመት የለፋችው ለምን መሰላችሁ? ለሚረግፍ ፀጉር የሚቀባ መድኃኒት ለመሥራት!

መድኃኒቱ ናኖ የሚሉት፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ቅንጣት ነው። ቁንጫ መቶ ሺህ ብትሸከም አይከብዳትም።

በፈሳሽነቱ ሲቀመጥ እየጓጎለ አስቸገራት። ስኳር ጨምራ፣ አቀዝቅዞ በሚያደርቅ ማሽን ዱቄት አደረገችው። እንደ ቡናችን በሉት... እርጥቡ ይሻግታል፣ በወጉ የደረቀው ይከርማል።

አርባ ብልቃጥ። ዱቄቱ እንደማይበላሽ እንዲረጋገጥ ስድስት ወር ሳይነካ መቆየት አለበት። ከተነካ የእሷ ልፋት ገደል፣ የአባቦራም እንጀራ አብሮ ገደል!

«ወላሂ አልነካሁም፣ ልጄ!»

«ታዲያ ሦስት ዓመት መላጣ ያየሁት ራስ በሳምንት ያበቅላል?»

«መላጣ ነው ያለሽ ማነው?»

አሉ አባቦራ፣ ኮፍያቸውን ከመሬት እያነሱ።

«በየሁለት ቀኑ እላጨዋለሁ።»

«ለምን?»

አባቦራ አቀረቀሩ።

«ባለቤቴ ከውሰር... ከታመመች ወዲህ ፀጉሯ አለቀ። ከቤት አልወጣም አለች። ብቻሽን አይደለሽም ብዬ ተላጨሁ።»

«በዚህ ሳምንትስ?»

«መብራት እየጠፋ ማሽንሽ እንዳይቆም ጄኔሬተር ስጠብቅ፣ መች ቤቴ ገባሁና?»

ሩቲ ሮጣ ብልቃጦቹን ቆጠረች... አርባ! አንዱም አልተከፈተ!

እፎይ ስትል ትንፋሿ የከተማችን ገበያ መርካቶ ያለውን ጫት ሁሉ አወዛወዘው። ከዚያ የአባቦራን እጅ ይዛ አለቀሰች።

«ይቅር ይበሉኝ...»

«መድኃኒቱ ለሰው ሲፈቀድ ከውሰርን አስቢያት። ይበቃኛል።»

ማታውን አባቦራ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ቤታቸው ሲገቡ ከውሰር ራሳቸውን ዳበሰች።

«ከዳኸኝ እንዴ?»

ሳቀች... ምላጩንም ራሷ አመጣች።

እኔ የሰፈሩ አፈኛ ግን ያንን ራስ «አውሮፕላን ማረፊያ» እያልኩ ስንት ዓመት አስቄበታለሁ። ዛሬ አፌን ቢላጩኝ ደስ ይለኛል!

ትምህርቱ፦ የሰው ጉድለት መስሎን የምንስቅበት ነገር፣ አንዳንዴ ፍቅሩ ነው።

እናንተስ... ለምትወዱት ሰው ብላችሁ ምን ተላጭታችኋል? ኮመንት ላይ ንገሩኝ።