የላራስ አባት ጨርቅ

ጨርቅ ላይ በቀለጠ ሰም የምስልበትን ብዕር ነክሬ፣ አፍንጫውን እፍ ብዬ፣ ወደ ጨርቁ ልጠጋ ስል ቧንቧው ጠብ አለ። ዝም አልኩት። ደግሞ ጠብ። ጠብ!

«ኧረ በአላህ!» ብዬ ብዕሩን እዚያው ሰሙ ውስጥ ጥዬ ተነሳሁ።

ልጄ ላራስ የሞተር ሳይክል ቆቧን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች። ሠርጓ ደርሷል። «እማ፣ ዛሬ ካልጀመርሽ በቃ አይደርስም። የአንቺንም የአባዬንም ጨርቅ ከገበያ በማሽን የታተመ ልግዛና እንገላገል» አለችኝ።

«የታተመ ታጥቄ ልዳርሽ? እዚህ ጨርቅ በእጅ በሚሳልበት ሶሎ ከተማ ውስጥ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚለው እኮ አባዬ ስለተናገረ ነው።»

ነገሩ ይኸው ነው። የሙሽራ እናትና አባት አንድ ዓይነት ጨርቅ ነው የሚታጠቁት፤ ጥቁር መደብ ላይ እንደ ሰሊጥ የደቀቁ ኮከቦች የተበተኑበት። ያ ሰውዬ ደግሞ በሽምግልናው ቀን፣ አማቾቻችን ፊት፣ «ሁለቱንም ባለቤቴ በእጇ ትስላለች» ብሎ ደረቱን ነፋ። ሳይጠይቀኝ! ልቤ አልነሳ ብሎኝ ሰም ከነካሁ ዓመት ያለፈኝን ሴትዮ! ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገርኩትም። ሩዙን አቀርብለትና ፊቴን አዞራለሁ።

«የቀትር አዛን ሲሰማ እመለሳለሁ» አለች ላራስ። «አንዲት ኮከብ ካላየሁ በቀጥታ ወደ ገበያ!» ሞተሯን አስነስታ ሄደች።

የቧንቧውን ጎማ ቀየርኩት። ተቀመጥኩ፤ በርጩማው ተንገዳገደ። ያንን ሰውዬ ስንት ጊዜ «ይህቺን እግር ምታልኝ» ብዬዋለሁ! መዶሻ አምጥቼ ራሴ ቀጠቀጥኳት። ተቀመጥኩ፤ መስኮቱ ጓ፣ ጓ ይላል። ካርቶን አጥፌ ወተፍኩበት። ምድጃው ጭሱን ዓይኔ ውስጥ ሲግተው አዞርኩት። የብዕሩ አፍንጫ ተደፍኖ ኖሯል፤ በቀጭን ሽቦ ወጋሁት። ስትደውልልኝ ሳላነሳላት የከረምኩትን አክስቴን ሳይቀር ደውዬ፣ የድርሻዬን ስድብ ተቀብዬ ዘጋሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ አንዱ በተቃለለ ቁጥር ደረቴ ቀለል ይለኝ ነበር። ከተቀመጥኩበት መነሳት የሚከብደኝ ሴትዮ እንደ ልጃገረድ ላይ ታች እል ጀመር። እጄ ሥራ አማረው።

በመጨረሻ ቤቱ ጸጥ አለ። የሚንጠባጠብ የለ፣ የሚንጓጓ የለ። ብዕሩን ነከርኩ። እጄ ጨርቁ አጠገብ ሲደርስ እምቢ አለኝ።

ይኼኔ የላራስ አባት ገባ። ጠዋቱን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ነበር። ሸሚዙንና መላጫውን በፌስታል ይዟል።

«ወዴት ነው?» ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«ወንድሜ ጋ። ቧንቧውን ጠገንሽ፣ በርጩማውን ጠገንሽ፣ መስኮቱን ጠገንሽ። የቀረሁት እኔ ነኝ። እስክትጨርሺ ዞር ልበልልሽ።»

ያሾፋል ብዬ ፊቱን አየሁት። አያሾፍም። ምነው ባሾፈ!

«አንተ ሰውዬ፣ ማን ሂድ አለህ?»

«ማን ቁጭ በል አለኝ?»

ብዕሩን ሰሙ ውስጥ መልሼ ተነሳሁ። «ና ወዲህ» አልኩት። «ከመሄድህ በፊት ልለካህ። ኮከቡ ፊት ለፊትህ የት ላይ እንደሚወድቅ ልይ።»

ለእሱ ያዘጋጀሁትን፣ ገና ጥቁር ቀለም ያልተነከረውን ነጭ ጨርቅ ከመስቀያው አንስቼ ወገቡ ላይ ጠቀለልኩት። ለታላቋ ልጃችን ሠርግ ስለካው ጫፉ ግራ ዳሌው ላይ ነበር ያለቀው። አሁን ዳሌውን አልፎ ወደ ጀርባው ዞረ። ደነገጥኩ። ትቼው የከረምኩት ወገብ ይኸው ነው።

«ምነው እንዲህ ከሳህ?»

«ምንም አልሆንኩም። እየበላሁ አይደል?»

«አዎ፣ ሳህኑማ ባዶውን ነው የሚመለሰው።»

«ድመቷ ናት የምትበላው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «የላራስ እናት፣ ዝም እያልሽኝ አይወርድልኝም።»

ፌስታሉን ከእጁ ቀማሁት። ከማጀት ሩዝና ዓሣ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ፤ የእኔን ጨርቅ ወደ ጎን አድርጌ የእሱን ከወገቡ ፈትቼ ዘረጋሁ። አክስቴ የሰደበችኝን ስድብ አንድ ሳላስቀር እየነገርኩት የመጀመሪያዋን ኮከብ ጣልኩ። ቀጥሎ ሌላ፣ ከጎኗ ሌላ። ሳቀብኝ።

ማንኪያው ሳህኑን ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጋል። አልተነሳሁም።