የመጨረሻው ፋኖስ

«ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል» እላለሁ። ዛሬ አሥራ አንድ ጎብኚዎች አሉኝ። አሥራ ሁለተኛዋ እናቴ ናት። እንደ ሌሎቹ የእንግዳ ባጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ጠዋት እጄን ጨብጣ «እንደምን አደሩ?» አለችኝ፣ አንቱ ብላ።

ታላቅ እህቴ ከኋላችን ትከተላለች። ትናንት ማታ ተስማምተናል። እማዬ ዛሬ አንዴ እንኳ ከለየችኝ እኔ ቤት ትቆያለች፤ ካልለየችኝ ነገ በጠዋት እህቴ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ትወስዳታለች። እህቴ ክፉ ሆና አይደለም። ባለፈው ሳምንት እማዬ ምድጃ ለኩሳ ወጥታ፣ ስንፈልጋት ውለን ያገኘናት አውቶቡስ መናኸሪያ ነው።

ይህን ሥራ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግዳ አስጎብኝታለች። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ፈጠን ብሎ ለሚሄድ ሰው በሁለት ሰዓት ታልቃለች። እማዬ ግን ወሬዋን እያጣፈጠች ቀኑን ሙሉ ታዞራቸው ነበር። እኔ አንዲት ነገር ከሳትኩ አትምረኝም፤ እንግዳ ፊት ጆሮዬን ይዛ ታርመኛለች። ያኔ በግኜ እሞት ነበር።

ዛሬ ሆን ብዬ ልሳሳት ነው። ሌላ መላ የለኝም።

ከከተማችን አሮጌ ማማ ደረጃ ግርጌ እቆማለሁ። «በዓላችን የሚከበረው እዚህ ነው» እላለሁ። «ሲመሽ ሰዉ በየደረጃው አንዳንድ ፋኖስ ያስቀምጣል። ሰባ ሦስት ደረጃ፣ ሰባ ሦስት ፋኖስ። ከታች እስከ ላይ ሁሉም ይበራሉ።»

ጎብኚዎቹ ፎቶ ያነሳሉ። እማዬ ግንባሯን ትቋጥራለች።

«ሁሉም አይበሩም» ትላለች።

እህቴ ከኋላ ቀና ትላለች።

«ምን አልሽ እማዬ?» እላለሁ።

«የመጨረሻው አይበራም! እሱ ቤቱ ላልገባ ሰው ነው የሚቀመጠው። ሰውየው ሲመጣ በራሱ እጅ ያበራዋል። ይቺን ሳታውቅ ነው እንግዳ የምታዞረው?»

ድምፁ የጥንቱ ድምጿ ነው። ጎብኚዎቹ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ጆሮዬን እንድትይዘው ጎንበስ እላለሁ።

ትከሻዬን ቸብ ቸብ ታደርገኛለች።

«አይዞዎት፤ ለሥራው አዲስ ነዎት መሰለኝ» ትላለች በዝግታ። «ልጄን ይጠይቁት። እሱ እንዲህ ያለ ነገር አይስትም። አሁን ይመጣል።»

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

እማዬ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። አጠገቧ ያለውን አቧራ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ ታደርጋለች። እዚያው ልቀመጥ እጠጋለሁ።

«ይቅርታ» ትለኛለች፣ እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋ፤ «ሰው አለው።»