ክረምቱን ለመዱት

ምራቴ ዙፋን ክረምት እንዴት እንደሚወደድ ልታስተምረኝ ተነሳች። ሰባ ክረምት የወረደብኝን ሴት! የሱፍ ካልሲ አጠለቀችልኝ፣ አዲስ ጋቢ ደረበችልኝ፣ ከሰል አቀጣጥላ የበቆሎ እሸት ጠበሰችልኝ።

«እማዬ፣ ዝናብ በመስኮት ሲያዩት እኮ ያሳርፋል» አለችኝ።

እኔ ዝናብ የማውቀው ከሚያፈስ ጣራ ሥር ባልዲ እየደቀንኩ ነው።

«ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ እኔ ዝናብ ልይ? ጥጃ ነኝ እንዴ የምታስሪኝ?»

«ትንሽ ያባራና እወስድዎታለሁ።»

ሐምሌ ሊያባራ! ሞኝሽን ፈልጊ አልኩ በሆዴ።

ማክሰኞ ከውጭ ስትመለስ፣ በር ላይ ቆማ ዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ ስታቃና በመስኮት አየኋት። ከዚያ ወዲያ ልውጣ ብዬ አልጨቀጨቅኳትም፤ ጋቢዬን እስከ አንገቴ ተከናንቤ በቆሎዬን እየፈለፈልኩ ተቀመጥኩ። ስተኛም አላወለቅኩት።

«አዩ እማዬ፣ ክረምቱን ለመዱት!» አለች ደስ ብሏት። በሁለት ቀን እንዲህ ያስተማረ አስተማሪ መቼም የለም።

ዓርብ ገና ሊነጋጋ ሲል የዕድሩ ሽማግሌዎች ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ። ዙፋን ከኋላቸው ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ።

«ተቀመጡ፣ እሳት ሙቁ» አልኳቸው። «ስለ ወንድሜ ብላችሁ ጉሮሯችሁን አታድክሙ።»

ጋቢውን ከላዬ ገፈፍኩት። ከሥሩ ጥቁር ቀሚሴን ከለበስኩ አራተኛ ቀኔ ነበር።