ዓይኑን ሰበረ

መዲና የሰው ፊት በማንበብ ማንም አይቀድመኝም ባይ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። ቅንድብ፣ ከንፈርና የእጅ አያያዝ ግን አይታ የሰው ሆድ ትናገራለች። "አፍ ይዋሻል፣ ዓይን አይዋሽም" የምትለው ነገር ነበራት፤ ስንቱን በዚህ ዳኝታበታለች።

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በነበረው ዓመት ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ በአንድ ሰፊ ግቢ ተቀጥራ አሮጊት ታስታምም ነበር። አሮጊቷ ሐጃ ዛሂራ ይባላሉ። ደም ግፊት ጥሏቸው ግራ ጎናቸውና ምላሳቸው ተይዟል። አሠሪዋ ልጃቸው ፋሪሃ ናት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት እናቷ አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከአፋቸው ታስጠጋለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ግንባራቸውን ስማ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ እስከ ማታ የሁለቱ ነው።

ሁለቱ ደግሞ ተገጣጥመዋል፤ አንዷ አትናገርም፣ ሌላዋ አታቆምም። መዲና የሐጃን እግር በሰሊጥ ዘይት እያሸች በአማርኛ ታወራቸዋለች፤ ስለ ባቲ የሰኞ ገበያ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ እጮኛዋ ስለ ሙባረክ። ሐጃ ማዳመጥ ያውቁበታል። ወሬው ሲያስቅ ዓይናቸው ይስቃል። ሲያሳዝን በደህናው እጃቸው እጇን ጨበጥ ያደርጋሉ።

"ቋንቋ ምን ያደርጋል፣ ድምፄ ይበቃቸዋል" ትላለች መዲና። በአራት ዓመት የካርቱም ኑሮዋ እንዲህ የሰማት ሰው አልነበረም።

ሙባረክማ አይሰማም። የወረባቦ ልጅ ነው፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ አጠገብ በሚሠራ ፎቅ ላይ ሲሚንቶ ይሸከማል። ፋሪሃ ቤት ያስቀጠራትም እሱ ነው፤ አጥር ሊለስን ገብቶ ሠራተኛ እንደሚፈልጉ ሰምቶ። ዓርብ ዓርብ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጎን፣ ሻይ ከምትሸጥ ሱዳናዊት ዘንድ በርጩማ ላይ ይገናኛሉ። እሷ ታወራለች። እሱ ስልኩን ይነካካል፣ አላፊ አግዳሚውን ያያል፣ ለእሺታ ያህል "ጣይብ፣ ጣይብ" ይላል። አንዳንዴ በወሬዋ መሀል ዓይኑ ይከደናል።

ሐሳባቸው ግን አንድ ነበር፤ በመተማ አድርገው አገር ገብተው መጋባት። መዲና ይህን ለፋሪሃ አንድ ጊዜ አንስታላት ነበር።

"እናቴን ከማን ጋር ልተዋት?" አለቻት ፋሪሃ። "ኸላስ፣ በቃ መዲና፣ ሁለተኛ እንዳልሰማሽ።"

ስለዚህ በድብቅ ለመውጣት ለሐሙስ ቆረጡ። ማክሰኞ ከሰዓት መዲና እያንጎራጎረች እግር ስታሽ፣ "ሐጃዬ፣ እኛ እንግዲህ መሰነባበቻችን ደረሰ፤ ሐሙስ እብስ ልል ነው" አለቻቸው። እጇን ጨበጥ አደረጉላት። እንደ ምርቃት ቆጠረችው።

ረቡዕ ጠዋት ፋሪሃ የመዲናን ፓስፖርት ከሻንጣዋ አወጣች። "እንዳይጠፋብሽ" ብላ በራሷ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

መዲና ክው ብትልም አጋጣሚ ነው ብላ አለፈችው። ሙባረክ ሌላ መላ አመጣ፤ እሑድ ኤምባሲ ሄደው የአገር መግቢያ ወረቀት ሊያወጡ ተቀጣጠሩ። ይህንንም መዲና እንደ ልማዷ እግር እያሸች ለሐጃ አወራችላቸው። እሑድ ጠዋት ፋሪሃ ሥራ ቀረች። በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች፣ መዲናን አየት አደረገቻትና መጽሔቷን ገለጠች።

ሁለት ጊዜ አጋጣሚ የለም። ቀኑን የሚያውቅ ሰው ሙባረክ ብቻ ነው። የፋሪሃ ቁጥርም ስልኩ ላይ አለ። መዲና ይህን ሁሉ ስትደማምር ነገሩ ተገለጠላት፤ ለካስ ያ ሁሉ ፊት ማዞር፣ ያ ሁሉ "ጣይብ" ይህንን ሲሸፍን ነው።

"ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ፣ ሐጃዬ" አለች እያለቀሰች። "ምን በደልኩት?"

ሐጃ እጇን አጥብቀው ያዙ። የሳቸውም ዓይን እንባ አቀረረ። መዲና ይህን አይታ የባሰ አለቀሰች፤ ባዳ እንዲህ ሲያዝንላት የገዛ እጮኛዋ ሸጣት።

ዓርብ ከበርጩማው ሳትቀመጥ ጠየቀችው።

"ለማዳም የምትነግራት አንተ ነህ?"

"ምኑን?"

"የምንሄድበትን ቀን። ዓይኔን እያየህ ተናገር።"

ሙባረክ ዓይኑን ሰበረ። የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አዟዟረ። ጣቶቹ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቀዋል።

"አንቺ እንዲህ ካሰብሽኝ፣ እኔ ምን እላለሁ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ምንም አትበል። ዓይንህ ነግሮኛል።"

ቀለበቷን አውልቃ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠችና ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ይከተለኛል ብላ አንዴ ዞር አለች። ከተቀመጠበት አልተነሣም።

በሦስተኛው ሳምንት ቢልልኝ የሚባለው የሥራ ጓደኛው ደወለላት። ሙባረክ ትናንት ከኦምዱርማን በጭነት መኪና ለሊቢያ ወጥቷል። አገር ቤት ለማን ብዬ ልግባ ብሎ ነው የሄደው አላት። የተወው መልእክት እንዳለ ጠየቀችው። አልነበረም።

ስልኩን ዘግታ ከሐጃ አልጋ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰሃራ የገባ ሰው ስንቱ እንደሚወጣ ታውቃለች።

"ሄደ፣ ሐጃዬ" አለች። "ከሃዲ ነው፤ ግን እወደው ነበር። ከእንግዲህ እኔም የትም አልሄድ፤ እዚሁ ከርስዎ ጋር ነኝ።"

ሐጃ ዛሂራ ፀጉሯን ዳበሱላት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ውኃ የጠማቸው መስሏት መዲና ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዋን ከአፋቸው አስጠጋች።

"አትቀየሚኝ ልጄ" አሉ፣ በተንተባተበ የወሎ አማርኛ። "እኔም ስመጣ ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር።"