ጫማሽን አውልቂ

«ሲስተር፣ ጫማዋን እንድታወልቅ ይንገሩልኝ» አለ ከባሕር ማዶ የመጣው ፎቶ አንሺ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ። «እንዲህ ዘንጣ የለጋሾቻችንን አንጀት አትበላም።»

ልብስ ሰፊዋ ቋንቋውን ባትሰማም ካሜራውን ወደ እግሯ አነጣጥሮ መናገሩ ገብቷታል። ለፎቶው ብላ ጥቁር ጫማዋን ስትወለውል ነበር ያረፈደችው። ቀስ ብላ እግሯን ከስፌት መኪናው ሥር ሸሸገች። «ምን አለ፣ ሲስተር? ቆሽሿል እንዴ?»

አሮጊቷ መነኩሴ ከዚሁ ሰውዬ አገር ለሚስዮን ሥራ መጥታ ገጠር ከገባች ሠላሳ ዓመቷ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን እንግዳ የተናገረውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ስትተረጉም ኖራለች። ያን ዕለት ግን ምላሷ አልታዘዝ አላት።

«አምሮብሻል ነው የሚለው። እግርሽን አውጪ» አለቻት። ከዚያ የራሷን የጎማ ጫማ አውልቃ ወረወረችና ከልብስ ሰፊዋ ጎን ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ተረከዙ የተሰነጣጠቀ እግሯን ወደ ካሜራው ዘረጋችው።

«በል አንሳ!» አለችው። «ድሃ ሆኜ ልኖር እግዚአብሔር ፊት የማልኩት እኔ ነኝ። እሷ አልማለችም።»