የዓሣው ጅራት

ሽማግሌው ጥጡን አሴቶን በተባለው ማጽጃ ፈሳሽ ነክሮ ወደ ዓሣው ጅራት አስጠጋ። ዕድሜውን የፈጀው የቤተ መዘክሩን ቅሪተ አካላት ሲያጸዳ ነው። ድንጋዩ ላይ የቀረው ዓሣ ዘሩ ከምድር ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል፤ ሊቃውንት ከዘመዶቹ ለይተው የራሱን ስም ያወጡለትም እንደ ማራገቢያ በተዘረጋው ጅራቱ ብቻ ነበር። ከጎኑ የቆመችው ልጁ ስለዚሁ ጅራት የጻፈችው መጽሐፍ በማግስቱ ማተሚያ ቤት ይገባ ነበር።

«ተወው እንጂ አባዬ፣ ንጹሕ ነው። ልትድረው ነው እንዴ?» አለችው እየሳቀች።

እሱ ግን ጥጡን ጅራቱ ከገላው በሚገናኝበት ስንጥቅ ላይ ደጋግሞ አስኬደው፤ በስንጥቁ ውስጥ የነበረው ቢጫ ሙጫ ላላ፤ ጅራቱም ከነድንጋዩ ተላቅቆ መዳፉ ላይ ወደቀ።

«የሌላ ዓሣ ነው» አላት። «በጎረምሳነቴ ሁለቱ ዓሦች ባንድ ሣጥን ተሰብረው መጡ፤ ተሳስቼ አጣበቅኳቸው። ስሕተቴን ሳውቅ ስሙ ወጥቶ ነበር። አፈርኩና ዝም አልኩ።»

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ጅራቱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አገላበጠችው። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ሌላስ ያጣበቅኸው አለ?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ ግድግዳውን የሞሉትን መሳቢያዎች አንድ በአንድ ይመለከት ጀመር።